የአልማዝ ቀለበት ስለ መግዛት

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ነው። አሁን ዕድሜው ሠላሳን አልፎ፣ እዚያው ከተዋወቃት ካገሩ ልጅ ጋር ሊጋባ ተዘጋጅቷል። ሰላምታው ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። እጮኛዬ የአልማዝ ቀለበት እንዳስርላት ትፈልጋለች። እዚህ ጓደኞቿ ሁሉ የሚያደርጉት እርሱን ነው። ከኔ ጋር የሚሠራ አንድ የሴራሊዮን ሰው አለ። ልገዛ ማሰቤን ስነግረው ዝም አለ፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። በውኑ መግዛቱ ነውር ነው?»

እኔም ነገሩን ሳላስብበት፣ «በሠርግህ ዋዜማ አትሰስት፤ ደስ የሚላትን ግዛላት» ብዬ ሳቅሁና ወደ ሌላ ወሬ አለፍሁ። በማስተማር በኖርሁበት ዘመን ለተማሪ ጥያቄ የችኮላ መልስ የሰጠሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይኸኛው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የነሣኝም የልጁ ጥያቄ ሳይሆን የዚያ የማላውቀው ሰው ዝምታ ነው። ሰው በባልንጀራው የደስታ ወሬ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝም የሚለው በከንቱ አይደለምና።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያን ማታ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ነው። እናንተም ወጣቶች አንድ ቀን ይህንኑ ትጠይቁ ይሆናል። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ከወጥ ቤት ምድጃ አንድ ከሰል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ይህ በነገሥታት ዘውድ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ወንድማማች ነው ብሎ ነገረን። እኛ ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በውነትም አልማዝ የተሠራው ከካርቦን ነው፤ ከሰልም አብዛኛው ካርቦን ነው። ልዩነቱ አልማዙ ከምድር በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ጥልቀት፣ ከብርቱ ሙቀትና ጫና የተነሣ ጸንቶ መያያዙ ነው። ከዚያም በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ኃይል ወደ ላይ ወጣ። እጅግ ጠንካራ በመሆኑ አለትና ብረት ለመቍረጥ ያገለግላል፤ ሲሞረድም ብርሃንን ስለሚሰብር ለጌጥ ይሆናል። የሚመዘንበት ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለ ድንጋዩ ይህ ይበቃል፤ ድንጋይ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም።

የሰውን ድርሻ ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ያስፈልጋል። በ1867 በኦሬንጅ ወንዝ አጠገብ አንድ የገበሬ ልጅ ያገኘው ጠጠር አልማዝ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት አልማዝ ይመጣ የነበረው ከህንድና ከብራዚል ሲሆን መጠኑም ጥቂት ነበር። ብዙ ሳይቈይ ኪምበርሊ በተባለው ስፍራ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ተሰብስቦ ጕብታውን ቈፍሮ ትልቅ ጕድጓድ አደረገው። ድንጋዩ ስለ በዛ ነጋዴዎቹ ዋጋው እንዳይወድቅ ፈሩ። በ1888 ሴሲል ሮድስ ተፎካካሪዎቹን ጠቅልሎ ደ ቢርስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያውም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ድረስ አብዛኛውን የዓለም የአልማዝ ገበያ ሲሻው እየከፈተ ሲሻው እየዘጋ ኖረ። እንግዲህ የአልማዝ ውድነት ከመሬት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከመጋዘን ቍልፍም ጭምር ነው።

ዕቃውን መቈለፍ ብቻ አልበቃም፤ ፈላጊም ማብዛት አስፈለገ። በ1938 ኩባንያው በአሜሪካ ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተስማማ። በ1947 የድርጅቱ ሠራተኛ ፍራንሲስ ጌረቲ አልማዝን ከዘላለም ጋር የሚያያይዘውን ዝነኛ ዐረፍተ ነገር አወጣች። (እርሷ ራሷ ሳታገባ መኖሯን ሳነብ ፈገግ አልሁ።) ስንት ወጪ ለቀለበት እንደሚገባ እንኳ ልኩን ያወጣው ሻጩ ነው፤ የሁለት ወር ደመወዝ የሚባለው ነገር ከማስታወቂያ የተገኘ እንጂ ከአባቶች የተወረሰ አይደለም። በጃፓን በ1967 ከታጩት ሴቶች የአልማዝ ቀለበት ያደረጉት ከመቶ 5 ያህሉ ነበሩ፤ በ1981 ከመቶ 60 ያህሉ ሆኑ። የጃፓን ሰው በ14 ዓመት ውስጥ ከቀድሞው ይልቅ ተፋቃሪ ሆነ ማለት ነው? አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ልማዱ ሰው የፈጠረው ስለ ሆነ ይጣል ለማለት አይደለም። የኛንም የወርቅ ቀለበት አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጀምሮታል፤ ልማድ ሁሉ ጀማሪ አለው። ነገር ግን አንድ ወጣት «ይህን ካላደረግሁ አልወደድኋትም ማለት ነው» ብሎ ሲጨነቅ፣ ያ ጭንቀት ከልቡ የፈለቀ ነው ወይስ ከውጭ የገባ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህን የለየ ሰው ቀሪውን ጥያቄ በረጋ መንፈስ ሊያየው ይችላል። ቀሪውም ዋናው ነው።

አልማዝ ከጥንት ጀምሮ የቈፋሪውን እጅ ሲጠራጠር የኖረ ንግድ ነው። በኪምበርሊ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ጥቍር ሠራተኞች በታጠረ ግቢ ውስጥ ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ የውል ዘመናቸው እስኪያልቅ ወደ ከተማ አይወጡም። ሊሰናበቱ ሲሉም ድንጋይ ውጠው እንዳይሆን ተብሎ ለብቻቸው ተዘግተው፣ እጃቸው በቈዳ ጓንት ታስሮ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየተሰጣቸው ጥቂት ቀን ይቈዩ ነበር። ድንጋዩ ንጹሕ ብርሃን ነው ተብሎ በለንደን ሲሸጥ፣ ያወጣው ሰው እንደዚህ ይበረበር ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን የመጣው በኛ ዘመን ነው፤ የሴራሊዮኑን ሰው ዝምታ የገለጠልኝም እርሱ ነው።

የሴራሊዮን አልማዝ በኮኖና በአካባቢው በወንዝ ደለል ውስጥ ይገኛል። ለማውጣት ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አካፋ፣ ወንፊትና የሰው ጕልበት ይበቃል። አካፋና ጠመንጃ ያለው ሁሉ ባለ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ቅለቱ መርገሙ ሆነ። በመጋቢት 1991 በፎዳይ ሳንኮ የሚመራው አማፂ ጦር ከላይቤሪያ በኩል ገባና አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጦርነት ተጀመረ። አማፂዎቹ የአልማዙን ቦታ በያዙ ጊዜ ነዋሪውን በግድ አስቈፈሩት፤ ሕፃናቱን ወታደር አደረጓቸው። የብዙ ሰዎችንም እጅ በገጀራ ቈረጡ። በ1996 ምርጫ ሲደረግ ድምፅ እንዳይሰጡ ብለው የቈረጧቸው አሉ፤ ሌሎቹን ለማስፈራራት ብቻ ቈረጧቸው። ጦርነቱ በጥር 2002 ሲያበቃ የሞተው ሰው ከ50,000 በላይ ይገመታል። እጃቸውን ያጡት ግን በሕይወት አሉ፤ ልጆቻቸው ያጎርሷቸዋል።

የቀለበትን ነገር ስናስብ ስለ እጅ ማሰባችን አይቀርም። ከዚህ በላይ ልጨምርበት አልፈልግም።

ድንጋዩ ታዲያ ከኮኖ ወደ ሱቅ መስኮት እንዴት ደረሰ? አብዛኛው በላይቤሪያ በኩል አልፎ ወደ ቤልጅግ ከተማ ወደ አንትወርፕ ይሄድ ነበር። የላይቤሪያ መሬት በዓመት ሊሰጥ የሚችለው ከ100,000 እስከ 150,000 ካራት ነው። በቤልጅግ መዝገብ ግን ከ1994 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ከላይቤሪያ መጣ ተብሎ የተጻፈው ከ31 ሚሊዮን ካራት በላይ ነው። አንዲት ፍየል ብቻ ያለችው ሰው በየማለዳው አርባ ጣሳ ወተት ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ ገዢው «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ሳይለው ቢቀር፣ ይህ አለማወቅ ይባላል? አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነገሩ ስላልደረሰን የምንስተው ነው፤ ሌላው እንዳይደርሰን በሩን ስለ ዘጋን የምንስተው ነው። የመጀመሪያው ይቅር የሚባል ነው። ሁለተኛውን ግን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ስሙ ብቻ ነው አለማወቅ።

እናቴ ቅቤ ስትገዛ ትዝ ትለኛለች። ቅቤውን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸተዋለች። ቀጥላ «የየት ነው?» ትላለች። ሻጯ «የሸኖ» ብትላት አይበቃትም፤ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደ ተናጠ ትጠይቃለች። በርበሬው የማረቆ፣ ጤፉ የምንጃር መሆኑን ሳታጣራ ቍና አታሰፍርም። ሻጮቹም ይህን በመጠየቋ አይቀየሙም፤ ገበያ ማለት ይኸው ነው። በአገራችን የማይጠይቅ ሸማች ሞኝ ይባላል። በሁለት ሳምንት ለሚያልቅ ቅቤ እንዲህ የምንመራመር ሰዎች፣ ዕድሜ ልክ በጣት ለሚኖር ድንጋይ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «የየት ነው?» ሳንል ኪሳችንን እንፈታለን። ምክንያቱን ስመረምረው ያገኘሁት አያስመሰግነንም። የቅቤውን ጥያቄ የምንጠይቀው ለገዛ ሆዳችን ፈርተን ነው፤ በድንጋዩ የሚታመመው ሌላ ሰው ስለ ሆነ ሥጋት አይገባንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ በአልማዝ ነገር ግን ያልጠረጠረው አንዱ፣ የተመነጠረው ሌላው ነው።

በነሐሴ 2010 የሆነውን ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም፤ ልጆች ነበራችሁ። የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ቻርልስ ቴይለር የሴራሊዮንን አማፂዎች ረድቷል ተብሎ በዘ ሄግ ሲከሰስ፣ ዝነኛዋ የፋሽን ሞዴል ናኦሚ ካምቤል ለምስክርነት ተጠራች። በ1997 በደቡብ አፍሪካ በኔልሰን ማንዴላ ቤት እራት ከተበላ በኋላ፣ ሌሊት የማታውቃቸው ሰዎች በሯን አንኳኵተው በከረጢት ጥቂት ድንጋዮች ሰጧት። ጠዋት ከፍታ ስታየው ትንንሽና ቈሻሻ የሚመስሉ ጠጠሮች ነበሩ። ለአንድ የበጎ አድራጎት ሰው ሰጠኋቸው ብላ መሰከረች። በእርሷ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሣው። ነገሩን ልብ በሉት ብዬ ነው፦ ያልተሞረደ አልማዝ ለዓይን ይህን ያህል ነው። በዚያን ሌሊት ማን ላከው ብሎ መጠየቅ ለአንዲት እንግዳ ሴት ቀላል አልነበረም ይሆናል፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም፤ ከ13 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ። ቴይለር በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ስለ ንጉሥ ዳዊት የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። በጦርነት ሳለ የቤተ ልሔምን ጕድጓድ ውኃ ተመኘ፤ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ሰዎቹ ነፍሳቸውን የጣሉበት በመሆኑ አልጠጣም ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። በልጅነቴ ይህን ታሪክ ስሰማ በዳዊት እናደድ ነበር። ያን ያህል ደክመው አምጥተውለት ማፍሰሱ ንቀት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ዳዊት አንድ ዕድል ነበረው፤ ውኃውን ያመጡት ሰዎች በፊቱ ቆመው ነበር። ላባቸውን አየ። በሱቅ መስኮት ፊት የቆመ ወጣት ይህ ዕድል የለውም። ከቈፋሪው እስከ ገዢው ድረስ ደላላ፣ ላኪ፣ አስመጪ፣ በህንድ አገር በሱራት ከተማ የሚሞርድ፣ ወርቅ ላይ የሚያስገባ፣ ቸርቻሪ አለ። በየመዓርጉ ላቡ እየደረቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ወረቀት የለውም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። አለው። የተባበሩት መንግሥታት በ1998 የአንጎላን አማፂዎች አልማዝ፣ በ2000 ደግሞ የመንግሥት ምስክር ወረቀት የሌለውን የሴራሊዮንን አልማዝ ከለከሉ። በግንቦት 2000 በዚያው በኪምበርሊ መንግሥታትና ነጋዴዎች ተሰብስበው መመካከር ጀመሩ፤ የኪምበርሊ ሥርዓት የሚባለውም ከጥር 2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያልተሞረደ አልማዝ ድንበር ሲሻገር በታሸገ ሣጥንና በመንግሥት ምስክር ወረቀት እንዲሆን ያዛል። ዛሬ ከ80 በላይ አገሮች በሥርዓቱ ውስጥ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላቃልለው አልሻም።

ነገር ግን ወረቀቱ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በሥርዓቱ ቃል የተከለከለው አልማዝ፣ አማፂዎች ሕጋዊ መንግሥትን ለመውጋት የሚጠቀሙበት ነው። መንግሥት ራሱ ቢገድልስ? በዚምባብዌ በማራንጌ ብዙ አልማዝ ተገኝቶ ድኾች ሊቈፍሩ በጎረፉ ጊዜ፣ በ2008 መጨረሻ ወታደሮች ገብተው ተኰሱባቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደ ዘገበው ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ገዳዩ የመንግሥት ጦር እንጂ አማፂ ስላልነበረ፣ በሥርዓቱ ቃል ያ ድንጋይ የጦርነት አልማዝ አልተባለም፤ በ2011 እንዲሸጥ ተፈቀደ። ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በአንጎላ ያለውን ጕድ ቀድመው ከገለጡት አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሥርዓቱ ወጣሁ አለ። ልጅ የሚደበድብ አባት በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «ከጎረቤት ጋር ተጣልቼ አላውቅም» ብሎ ቢምል፣ መሐላው እውነት ነው፤ ልጁ ግን ማልቀሱን አይተውም። የወረቀቱም ነገር እንደዚሁ ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ጨርሶ አለመግዛት ነው» ይል ይሆናል። እኔም አንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ቦትስዋና ናት።

ቦትስዋና በ1966 ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድኻ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች። በ1967 በኦራፓ አልማዝ ተገኘ። በሴሬትሴ ካማ የተመራው መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተከራክሮ እኩል ድርሻ ያዘ፤ ገንዘቡም በብዙው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ክሊኒክና ወደ መንገድ ሄደ። ያው ካርቦን፣ ያው አህጉር፣ ያው ገዢ ነው። አንዱ አገር ላይ እጅ ተቈረጠበት፤ ሌላው አገር ላይ ሕፃናት ፊደል ተማሩበት። አሁን የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰው በለንደን ባለ ሱቅ ላይ አይደለም። በነሐሴ 2025 የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ዱማ ቦኮ በሆስፒታሎች መድኃኒት ስላለቀ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ዐወጁ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የአልማዝ ገቢ መውደቅ ነው። እንግዲህ «እጄን ታጠብሁ» ብሎ ከሱቁ የሚወጣ ሰው እጁን የታጠበበት ውኃ ከየት እንደ ተቀዳ ማየት አለበት። በሴራሊዮንም ቢሆን ዛሬ በወንዙ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ደለል የሚያበጥር ቈፋሪ፣ አልማዝ ዛሬውኑ ቢረሳ ነገ የሚበላው አይኖረውም። በ2017 በኮኖ አንድ ፓስተር የሚያሠራቸው ቈፋሪዎች 709 ካራት የሚመዝን ድንጋይ አገኙ። በስውር ከመሸጥ ይልቅ ለመንግሥቱ አስረከበ፤ በኒው ዮርክ በጨረታ 6.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ የገንዘቡም ፈንታ ለመንደሩ ውኃና ትምህርት ቤት እንዲሆን ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያበረታታው በወጉ የሚጠይቅ ገዢ እንጂ የሚሸሽ ገዢ አይደለም።

ስለ ሰው ሠራሹ አልማዝ ባጭሩ ልናገር፤ ወጣቶች በቶሎ የሚያነሡት እርሱን ነውና። ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ በማሽን መሥራት ተችሏል፤ ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ በካርቦንነቱም ከተፈጥሮው አይለይም። ደም የለበትም፤ ኤሌክትሪክ ግን ብዙ ይበላል። ዋጋው በጣም ወርዷል። ልጅቱ የምትወደው ብርሃኑን ከሆነ ይህን መግዛት አስተዋይነት ነው። የምትወደው ውድነቱን ከሆነ ግን ርካሹ አይሆናትም፤ ይህን ደግሞ ከሠርጉ በፊት ማወቁ ለሁለቱም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ለእጮኛው ማውጣት የሚከብደው ሰው ድንገት የአፍሪካ ቈፋሪ ተቈርቋሪ ሲሆን አይቻለሁ። ስስት የኅሊናን ካባ ደርቦ ሲመጣ ያምርበታል። ገንዘብ ካነሰህ፣ አነሰኝ በላት፤ ነውር የለውም። የሰው መከራ የኪስህ መሸፈኛ አይሁን።

ታዲያ ፍርዴ ምንድን ነው? አልማዝ መግዛት በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ «የየት ነው?» ሳይሉ መግዛቱ ነው፤ ወረቀት ሲዘረጋም «ይህ ወረቀት ስለ ምን ይመሰክራል፣ ስለ ምንስ ዝም ይላል?» ሳይሉ መርካቱ ነው። ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ወጣ መናገር ለማይችል ሻጭ ደኅና ሁን ብሎ መውጣት ይገባል። ይህን የምለው ሁሉም ሻጭ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ድንጋይ አንድ ጊዜ ተሞርዶ ከሌሎች ጋር ከተደባለቀ በኋላ ምንጩን ከመልኩ ለይቶ መናገር እጅግ ስለሚያስቸግር፣ አስቀድሞ መዝግቦ የያዘ ሰው ካልሆነ በቀር የሚያውቀው የለም።

የአንድ ሰው ጥያቄ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር፣ የ2000ን ታሪክ ይመልከት። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎቹን ወደ ኪምበርሊ የሰበሰባቸው ገዢ እንደ ጠጕር ካባው ሁሉ በአልማዝም ማፈር ይጀምራል የሚለው ፍርሃት ጭምር ነው። ገና ማንም ሳይተው፣ ይተው ይሆናል የሚለው ሥጋት ብቻ ይህን ያህል ሠራ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚባለው፣ ከልብ ለማወቅ የፈለገ ሰው መንገድ አያጣም።

ነገሩም የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በወሎ በደላንታ የሚወጣው ኦፓል ከ2008 ወዲህ በዓለም ገበያ ታውቋል። የሚያወጡት ወጣቶች በገደል ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ እየቈፈሩ ነው። በ2024 አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ቈፋሪዎችን ውስጥ ዘግቶባቸዋል። በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ያንን ድንጋይ የሚያይ ሰው ሻጩን «የወሎ ነው?» ይለዋል፤ እዚያ ላይ ያቆማል። እኔም ራሴ ለልጄ ስገዛላት ያቆምሁት እዚያው ላይ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለተማሪዬ እኔው ደወልሁለትና፣ «ያን ማታ የሰጠሁህን መልስ ተወው፤ አላሰብሁበትም ነበር» አልሁት። ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን። እጮኛውም ስልኩን ተቀብላ አናገረችኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ብርቱ ልጅ ናት። የፈለገችው ቀለበት እንጂ ክርክር እንዳልሆነ በትሕትና ነገረችኝ። ቢሆንም ከእርሱ ጋር ሦስት ሱቅ ገብታ ጠይቃለች። በመጀመሪያው ሻጩ የምስክር ወረቀቱን አሳይቷቸው ፈገግ አለ። በሁለተኛው እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀን የለም ተባሉ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ «አላውቅም፤ አጣርቼ እጽፍላችኋለሁ» አላቸው። እርሷ የወደደችው ሽማግሌውን ነው።

ሽማግሌው እስካሁን አልጻፈም። ሠርጉ ለጥር ተቈርጧል። የሴራሊዮኑ ሰውም ተጠርቷል፤ የጥሪውን ካርድ ሲቀበል፣ የተወለደው በኮኖ መሆኑን ለተማሪዬ ነገረው።